ለዱዓ የተነሳ እጅ

አዋሽ ከተማ ውስጥ ጀማሉዲንን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ትናንት ከባቡር የወረደ እንግዳ መሆን አለበት። ሙሉ ስሙን የሚጠራው ግን የለም፤ «የመርፌው ጀማል» ነው የሚሉት። ሠላሳ ዓመት ገደማ የክትባት ሳጥን በትከሻው አንግቶ በሸለቆው ያልረገጠው መንደር፣ ያላስለቀሰው ሕፃን የለም። የአርብቶ አደሩ ልጆች ሳጥኑን ከሩቅ ሲያዩ እግሬ አውጪኝ ይሉ ነበር፤ እናቶቻቸው ደግሞ ሮጠው ይይዙና እየጎተቱ ያመጡለታል። አባቱ ከወሎ ጨርቅ ሊሸጥ መጥቶ በዚያው የቀረ ነጋዴ ነበር፣ እናቱ የገዋኔ አፋር። ስለዚህ ሰውዬው በአማርኛ ይቆጣል፣ በአፋርኛ ያባብላል፣ በሁለቱም ያወራል። ሲያወራ ደግሞ አያልቅበትም።

ዱዓውም እንደ ወሬው ነው። ሌላው ሰው እጁን ዘርግቶ «ያ ረቢ ጤና ስጠን፣ ሰላም ስጠን» ብሎ ፊቱን አብሶ ወደ ሥራው ሲሄድ፣ ጀማሉዲን ዐይኑን ጨፍኖ በስም በስም ነው የሚለምነው። የጎረቤቱ ልጅ ሳል፣ የሹፌሩ የጎማ ችግር፣ የባለሱቁ ኪሳራ፣ አንዱም አይቀርበትም። ሚስቱ ፋሪሃ «ያንተ ዱዓ የቀበሌ ምዝገባ ነው እንዴ? አላህ እንደሁ ሁሉንም ያውቃቸዋል፤ ‹ለሁሉም› ብለህ አትገላገልም? ፉሉ ቀዘቀዘ እኮ!» ትለዋለች። እሱ አንድ ዐይኑን ከፈት አድርጎ ያያትና መልሶ ይጨፍናል። እሷም እያጉረመረመች ፉሉን እንደገና ታሞቅለታለች።

ፋሪሃ ከከባድ መኪና ማቆሚያው አጠገብ ምግብ ቤት አላት። በገላፊ የሚገቡ የጅቡቲ መስመር ሹፌሮች ሰርዶን አልፈው፣ ሰመራን አልፈው፣ «አዋሽ ፋሪሃ ጋ እንበላለን» እየተባባሉ ነው የሚመጡት። ጀማሉዲን ጡረታ ከወጣ በኋላ በዚያ ምግብ ቤት በረንዳ ላይ መዋል ጀመረ። ሥራ የፈታ ምላስ ደግሞ አደገኛ ነው። ስለ መድኃኒት እጥረቱ፣ ስለሚዘገየው የውሃ ቦቴ፣ በር ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሎበት ስለሚውለው ቢሮ ሲናገር ሻይ የሚጠጣው ሁሉ ጆሮውን ይሰጠዋል። አንድ ቀን ከአንድ ትንሽ ፓርቲ የመጡ ወጣቶች ሰሙትና «ለምን ለክልሉ ምክር ቤት አትወዳደርም?» አሉት።

«እኔ? ሂዱ ወዲያ፣ እናንተ ልጆች!»

ፋሪሃ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ «ውሰዱት!» አለች። «እኔን ሠላሳ ዓመት ሲቃወመኝ ኖሯል፤ እስቲ ትንሽ ደግሞ መንግሥትን ይቃወም።»

ሳቁ ሳያልቅ ተመዘገበ። በምርጫው ቀን ያ ሁሉ በመርፌ ያስለቀሰው ልጅ ጢም አውጥቶ፣ ሚስት አግብቶ፣ ሰልፍ ይዞ መረጠው። ሰመራ ሲደርስ ግን ከዚያ ሁሉ ወንበር መሃል ተቃዋሚ እሱ ብቻ ሆኖ ተገኘ። በወጉ «ተፎካካሪ» ነው የሚባለው፤ አንድ ሰው ብቻውን እንዴት እንደሚፎካከር እንጃ። በስብሰባው ሁሉ ይነሣል፣ ይናገራል፣ ይሸነፋል፣ ይቀመጣል። ከዚያ ከአሸናፊዎቹ ጋር አብሮ ምሳ ይበላል፤ ማንንም አይጠላም፣ የሚጠላውም የለም። ምናልባት ችግሩ እዚህ ላይ ነው ትላለች ፋሪሃ።

ከአዋሽ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ የእናቶች ማቆያ የሚሏት ቤት አለች። ከሩቅ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች የመውለጃቸው ጊዜ ሲቃረብ እዚያ ገብተው፣ እየበሉ እየጠጡ ቀናቸውን ይጠብቃሉ፤ ምጥ ሲመጣ አዋላጇ ሮማነወርቅ አጠገባቸው ናት። ቤቷ ስትከፈት ግን ማን ይምጣ? «ሚስቴ ከሰው ቤት ትውለድ?» ይላል ባልየው። አማትየዋ ደግሞ ከእሱ ብሳ ትቆጣለች። በየቤቱ እየዞረ፣ ፍየል ወተት እየጠጣ፣ ምንጣፍ ላይ ተኝቶ እያደረ ያሳመናቸው ጀማሉዲን ነው። ጡረታ ከወጣም በኋላ ይህን ሥራ አልተወውም፤ ደመወዝ የለውም፣ ግን ሰው በፍቅር ከያዘው ሥራ ማን ጡረታ ያወጣዋል?

በዚያ ዓመት የመጨረሻ ያሳመነው መሀመድአሚንን ነበር። መሀመድአሚን ግመል የሚያረባ፣ ንግግር የማይወድ፣ ቀጠን ያለ ሰው ነው። ሚስቱ ሀምዳ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ምጥ ይዟት፣ ሁለቱንም ጊዜ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመዋት ወደ አስፋልቱ ሲሮጡ መንገድ ላይ ወልዳ፣ ልጅ ሳይተርፍላት ተመልሳለች። አሁን እንደገና ፀንሳለች። መሀመድአሚን ይህን ሲነግረው ፊቱን ወደ ግመሎቹ አዙሮ ነበር። ነግሮ ሲጨርስ «ይህን ለአንተ ነው የነገርኩህ። ለሌላ ሰው አይደለም» አለው።

«ከዚህች ቤት አይወጣም» አለ ጀማሉዲን ደረቱን መታ መታ እያደረገ። «ወላሂ!»

በዚህ ቃል ነው ሀምዳ ማቆያው የገባችው። የምትወልደው በሐምሌ ነው።

ሰኔ ላይ የበጀቱ ወሬ መጣ። ዘንድሮ ገንዘብ የለም፣ በጀቱ የቁጠባ ነው ተባለ። ከሐምሌ አንድ ጀምሮ የማቆያዋ ቀለብና የምግብ አብሳይዋ ደመወዝ ተሰርዟል። ጀማሉዲን ወደ ሰመራ ከመሄዱ በፊት ማቆያውን ሊጎበኝ ሄደ። ሀምዳ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እግሯን እያሸች ነበር፤ እግሯ አብጧል።

«ቀለቡ ከቀረ መሀመድአሚን ይወስደኛል» አለችው። «‹ሊያስርቡሽ ነው እንዴ የሰጠሁሽ› ነው የሚለው። እሱ ከወሰደኝ ደግሞ ያው መንገዱ ነው።»

«እኔ እያለሁ?»

አየችው። ብዙ ሰው ‹እኔ እያለሁ› ብሏታል። እግሯን ማሸቷን ቀጠለች።

ፋሪሃ ከደንበኞቿ አንዱ የሆነ ሹፌር ጋ አሳፈረችው፤ ባዶውን ወደ ጅቡቲ የሚመለስ መኪና ነው። የታሸገ ሩዝና ጥብስ ጭኑ ላይ አስቀምጣ «ዝም ብለህ አትጩህ። ስትጮህ ድምፅህ ይሰነጠቅና ሰው ይስቃል። ቀስ ብለህ ተናገር፣ እንደ ሕፃን አባብላቸው» አለችው። ከዚያ ደግሞ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለችለት። ሹፌሩ ሞተር አስነሥቶ እየጠበቀ፣ እሷ ኮሌታውን እንደገና አስተካከለች።

በሰኔ ሰመራ እሳት ናት። አዳራሹ ውስጥ ኤር ኮንዲሽነሩ «ለቁጠባ» ተብሎ ጠፍቶ በየጥጉ ትልልቅ ቬንትሌተር ቆሟል፤ የእነሱ ጩኸት ከተናጋሪው ድምፅ ይበልጣል። ማይክሮፎን የሌለው ሰው አፉን ብቻ ሲያንቀሳቅስ ነው የሚታየው። የፋይናንስ ኃላፊው በጀቱን አነበበ። ጨዋ ሰው ነው፣ አንገቱ ላይ የጠመጠመውን ፎጣ እያነሳ ላቡን ይጠርጋል።

«የእናቶች ማቆያን በተመለከተ ቤቱ አልተነካም፣ አልጋውም አልተነካም። የቀነስነው ቀለቡንና ማብሰያውን ብቻ ነው» አለ።

ጀማሉዲን እጁን አወጣ። ማይክሮፎን ሲሰጠው የፋሪሃ ምክር ሁሉ ጠፋበት።

«አልጋ ይበላል እንዴ?»

አዳራሹ ሳቀ። ኃላፊውም ፈገግ አለ።

«ከስንትና ስንት ሰዓት መንገድ የመጣች ነፍሰ ጡር ባዶ ፍራሽ ላይ ልትጾም ነው? ረመዳን እንኳ ለእርጉዝ ይታለፍላታል! ይህ በጀት ከረመዳን ይበልጣል?»

«አቶ ጀማሉዲን፣ እኔም የእናት ልጅ ነኝ» አለ ኃላፊው። «ገንዘቡ የለም። ከዚህ ካልቀነስኩ ከየት ልቀንስ?»

«ከአዳዲሶቹ መኪናዎች! ከድግሱ! ሰው ‹ቁጠባ› ሲል ከራሱ ሰሃን ነው የሚጀምረው፣ ከአራስ ሰሃን ነው እንዴ?»

«ሰዓትዎ አልቋል» አሉ አፈ ጉባኤው።

ማይክሮፎኑ ተዘጋ። ጀማሉዲን ትንሽ ተናገረ፤ አፉ ብቻ ሲንቀሳቀስ ታየ። ከዚያ ተቀመጠ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ሰው በሁለት ቀን ሊናገር ያሰበውን ሁሉ በሦስት ደቂቃ ሲናገር ምን ይቀረዋል? ምንም። ዱዓ ብቻ ነው የቀረው።

እሱም መጣ። ዝናቡ በዚያ ዓመት ስለጠፋ፣ አፈ ጉባኤው ወደ ድምፅ መስጠቱ ከመገባቱ በፊት ከአባላቱ በዕድሜ የገፉት ሸህ አብዱናሲር ዱዓ ያድርጉልን አሉ። ሰው ሁሉ እጁን ዘረጋ። ሸህ አብዱናሲር አጭርና ቆንጆ ዱዓ አደረጉ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ አገሩ ሰላም። «አሚን» ተባለ። ሰዉ ፊቱን አበሰ።

ጀማሉዲን ግን ገና ነበር። ዐይኑን ጨፍኗል፣ ሁለት እጁን ከፊቱ ከፍ አድርጓል። ከዝናቡ ወደ አዋሽ ተሻግሮ በረንዳው ላይ ከሚውሉት ጀመረ፤ ፋሪሃን ጠራ፣ ጉልበቷን እንዲያሽልላት ለመነ። ከዚያ ወደ ማቆያዋ ገባ። አንዷን ሴት ጠራ፣ ሌላዋን ጠራ። ሀምዳ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከእሷ ማለፍ አቃተው። ያ ረቢ፣ የዚችን ልጅ። ያ ረቢ፣ የዚችን አንዷን እንኳ። ቬንትሌተሩ ጆሮው ስር ያጓራል። ውጭ ያለው ዓለም ሁሉ ጠፍቶት እሷን ይዞ ተቀመጠ፤ ዐይኑ ተጨፍኖ እንባው ወረደ።

በዚህ መሃል አፈ ጉባኤው «የቀረበውን በጀት የምትደግፉ እጅ አውጡ» ብለዋል። እጅ ሁሉ ወጥቷል፤ የጀማሉዲን እጅ ከሁሉም በላይ ነው። «የሚቃወም?» ማንም። «ድምፀ ተዓቅቦ?» ማንም። «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።»

ጭብጨባው ነው ያነቃው። ዐይኑን ሲገልጥ አዳራሹ በሙሉ ያጨበጭባል።

«ዱዓ ይጨበጨብለታል እንዴ?» አለ አጠገቡ ያለውን አባል።

ሰውዬው ትከሻውን መታ አደረገው። «ማሻ አላህ፣ ዛሬስ አንድ ሆንን! አንተም ደገፍክ እኮ!»

ወይ ጉድ! ጀማሉዲን ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። ተነሣ። ማይክሮፎን አልጠየቀም፤ ፋሪሃ እንዳለችው ድምፁ ተሰነጠቀ።

«አፈ ጉባኤ! እጄ ለበጀቱ አልነበረም! ዱዓ ላይ ነበርኩ!»

ሳቁን ማን ያቁመው? ጠረጴዛ የሚደበድብም ነበር። አፈ ጉባኤው ራሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን እየጠረጉ «የተከበሩ አቶ ጀማሉዲን፣ ሁለት እጅ ነበር ያነሱት፤ እኛ አንዱን ብቻ ነው የቆጠርነው» አሉ።

«መልሳችሁ ቁጠሩልኝ።»

«አንድ ድምፅ ምን ይለውጣል? ጸድቋል እኮ።»

«ለእናንተ ምንም አይለውጥም። እኔ ግን አዋሽ ነው የምመለሰው። ‹ጀማል ደገፈ› ተብዬ በየት በኩል አድርጌ ነው ሰው ፊት የምቆመው? አልቀመጥም።»

አልተቀመጠም። ሳቁ እየደከመ ሄደ። አፈ ጉባኤው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ነገሩን በጨዋታ ሊያሳልፉት ፈልገው ቬንትሌተሮቹ እንዲጠፉ፣ ማይክሮፎኑም እንዲከፈትለት ምልክት ሰጡና «እሺ፣ ምን ዓይነት ዱዓ ነው ይህን ያህል የሚረዝመው? ለማን ነበር?» አሉት።

ቬንትሌተሮቹ ቆሙ። ጀማሉዲን ሞቆታል፣ ተዋርዷል፣ እንባው ገና አልደረቀም። አማርኛውን ትቶ በእናቱ ቋንቋ ነው የተናገረው።

«ለሀምዳ ነበር። ለመሀመድአሚን ሚስት። ሁለት ልጆቿን መንገድ ላይ ነው የቀበሩት፣ አስፋልቱን ሳያዩ። አሁን ሦስተኛ አርግዛ ማቆያዋ ውስጥ እግሯን እያሸች ተቀምጣለች። እኔ ነኝ ‹ነይ› ያልኳት። ከሐምሌ አንድ በኋላ ምን ትብላ? ይህን ነበር አላህን የምጠይቀው። እናንተን ጠይቄ ሰዓቴ አለቀ፤ እሱ ጋ ሰዓት አይቆጠርም።»

ማንም አልሳቀም። ከዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ ቃሬዛ ተሸክሞ የማያውቅ ጥቂት ነው። አፈ ጉባኤው መነጽራቸውን መለሱና «ድምፁ እንደገና ይሰጥ» አሉ።

እንደገና ተሰጠ። እጆቹ ወጡ፤ ቀስ ብለው ነው የወጡት፣ ግን ወጡ። የሚቃወም ሲባል ጀማሉዲን ቀኝ እጁን ብቻውን እስከ ቻለው ድረስ ቀጥ አድርጎ አነሳ። ሸህ አብዱናሲር በየትኛውም አላነሱም። «እኔ እጄን ለዱዓ አንስቼ ደክሞኛል» አሉ። በጀቱ በአንድ ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተዓቅቦ፣ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ። የማቆያዋ ቀለብ ተሰረዘ።

ከአዳራሹ ሲወጣ ስልኩ ጮኸ። ፋሪሃ ናት። ስብሰባው በሬዲዮ በቀጥታ ይተላለፍ ነበር።

«ተሸነፍኩ፣ ፋሪሃዬ።»

«እሱን ሰምቻለሁ። ለምደነዋል። አንተ ሰውዬ፣ የሰው ሚስት ስም በሬዲዮ ትጠራለህ?»

ጀማሉዲን በፀሐዩ መሃል ቆሞ ቀረ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አልታሰበውም ነበር። ወላሂ ብሎ፣ ከዚህች ቤት አይወጣም ብሎ ምሎ፣ የአንድን ሰው የጓዳ ሐዘን ለአገር ሁሉ በተነው!

«ሮማነወርቅ ደውላልኝ ነበር» አለች ፋሪሃ፤ ድምፅዋ ለስለስ አለ። «ሀምዳ ሰምታለች። ሻሿን ፊቷ ላይ ጥላ ወደ ግድግዳው ዞራለች፣ ምግብም አልበላችም። መሀመድአሚንም ግመል ሲያጠጣ ከሰው ሬዲዮ ሰምቷል። እየመጣ ነው አሉ።»

«ሊወስዳት ነው።»

«እኔ ምን አውቃለሁ? አንተ ብቻ ቶሎ ና። ሩዙን በልተሃል?»

አልበላውም ነበር። በማግስቱ ከገላፊ የመጣ መኪና ላይ ተሳፍሮ ሲመለስም አልበላም። ሹፌሩ ሊያጫውተው ሞከረ፣ አልሆነለትም። ጀማሉዲን ሚሌንም ገዋኔንም ሳይናገር አለፋቸው፤ ለእሱ ይህ በሽታ ነው። የበጀቱ ሽንፈት ከዐይኑ ጠፍቷል። ያቺ ሴት ከማቆያዋ ወጥታ፣ እግሯ አብጦ፣ ከባሏ ኋላ ኋላ ስትሄድ ነው የሚታየው። መንገድ ላይ ብትሞት በጀቱ ገደላት ይባላል፤ እሱ ግን ምላሱ እንደገደላት ያውቃል።

ፋሪሃ አዋሽ መግቢያ ላይ ባጃጅ አቁማ ትጠብቀው ነበር። ሲወርድ እጁን ያዘች። ሰው እያየ እጁን ይዛው አታውቅም።

መሀመድአሚን በማቆያዋ ደጃፍ የኒም ዛፍ ሥር ቆሟል፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ሁለት ክንዱን ዱላው ላይ ሰቅሎ። ከኋላው በሩ ላይ መጋረጃ ብቻ ነው ያለው፤ ሀምዳ ከመጋረጃው ጀርባ ናት። ሮማነወርቅ ጥግ ላይ ቆማ ጋውኗን ታጣጥፋለች፣ ትዘረጋለች። ጀማሉዲን ቀርቦ እጁን ሰጠ። መሀመድአሚን ጨበጠው፤ ወሬ ግን አልጠየቀውም። አፋር ከአፋር ሲገናኝ መጀመሪያ ዳጉ ነው፤ ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ፣ ዝናቡስ ነው። ዳጉ የነፈገህ ሰው ልቡ ከአንተ ርቋል።

«አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» አለ ጀማሉዲን። «በአላህ ምዬልህ ነበር። ምላሴ ቀደመኝ። ሽማግሌ አስቀምጥብኝ፣ ያሉትን ካሳ እከፍላለሁ። እሷን ብቻ በእኔ ጥፋት አትውሰዳት።»

«ስንት አልክ?»

«እ?»

«ሰመራ ላይ። ስንት ልጅ ቀበሩ አልክ?»

«ሁለት።»

«ሦስት ናቸው» አለ መሀመድአሚን።

መሀመድአሚን ዱላውን ከትከሻው አወረደና መሬት ላይ ተክሎ ያዘው። ፊቱን ዛሬ ወደ ሌላ አላዞረም።

«ሁለተኛው ጊዜ መንታ ነበሩ። ወንዱ መጀመሪያ መጣ፤ አላለቀሰም። ከዚያ እሷ ራሷን ሳተች። የተሸከሟት ሰዎች መኪና ሊያስቆሙ ወደ አስፋልቱ ሮጠው ነበር። ሴቷን ያየኋት እኔ ብቻ ነኝ። ትንሽ ተነፈሰች። ከዚያ ተወች። በሽርጤ ጠቅልዬ ከወንድሟ ጎን አስተኛኋት፣ አፈር አለበስኳቸው። ሀምዳ ስትነቃ አንድ ነው አልኳት። ደሟ አልቆ ነበር፤ እንዴት ሁለት ልበላት?» ድምፁ ዝቅ አለ። «ከዚያ ወዲህ ለማንም አልተናገርኩም። ትናንት አንተ ስትናገር ያ ሁሉ ትልልቅ ሰው ዝም አለ። በሬዲዮ ሰማሁት፣ ዝም ሲሉ። ለልጆቼ ነው ዝም ያሉት። ሴቷ ግን እዚያ ውስጥ አልነበረችም። ልጄን ሳትቆጥራት አለፍካት።»

ፋሪሃ ሻሿን አፏ ላይ ያዘች።

«አውቃለሁ» አለ ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ድምፅ።

መሀመድአሚን ዘወር አለ። መጋረጃው አልተነሳም፤ የሀምዳ እግር ብቻ ከሥሩ ይታያል፣ ያበጠው እግሯ።

«የገዛ ሆዴን አላውቀውም እንዴ?» አለች ሀምዳ። «አንድ ነው ስትለኝ፣ ሁለት ብዬ ብመልስልህ አትችለውም ብዬ ነው ዝም ያልኩህ።»

የመሀመድአሚን ዱላ ከእጁ ወደቀ። ሄዶ መጋረጃው ሥር፣ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ጀርባው ከእሷ እግር ጋር ሊነካካ ምንም አልቀረውም። ሮማነወርቅ እንባዋን በጋውኗ ስትጠርግ ጀማሉዲን የወደቀውን ዱላ አንስቶ ግድግዳው ላይ አስደገፈው።

«የምትታለብ ፍየል እዚህ አስሬ እሄዳለሁ» አለ መሀመድአሚን በመጨረሻ። «እህሉን ወንድሞቼ ያመጣሉ፣ ለሌሎቹም ሴቶች የሚሆን። እዚሁ ትወልዳለች።» ከዚያ ቀና ብሎ ጀማሉዲንን አየው። «አንተ ሰመራ ትመለሳለህ አይደል?»

«እመለሳለሁ።»

«ተነሥተህ ትናገራለህ?»

«እናገራለሁ። የሚስትህን ስም ግን ሁለተኛ አልጠራም፤ ወላ…»

«ጥራው» አለ መሀመድአሚን። «ግን ሦስት በል።»